ጭቃ በጋሎን

ቀይ ቀለም የፈለገ ሰው ሱቅ ገብቶ «ቀይ» ይላል፣ ይከፍላል፣ ይወጣል። ሰማያዊ የፈለገም ቢበዛ «ደመቅ ያለው ነው ፈዘዝ ያለው?» ተብሎ ይጠየቅና ይገላገላል። ክሬም የፈለገ ሰው ግን የቀኑን ሥራ ሰርዞ ይሂድ። ባለሱቁ የናሙናውን ጥራዝ ሲዘረጋለት እዚያ ውስጥ ክሬም የሚባል ነገር የለም። ያለው «አይቮሪ» ነው፣ «አልሞንድ» ነው፣ «ሰሃራ» ነው፣ «ቫኒላ» ነው። ሁሉም ክሬም ናቸው፤ አንዳቸውም ግን ክሬም ነኝ አይሉም። የዝሆን ጥርስ ዳስሼ አላውቅም፤ ሰሃራንም በዜና ካልሆነ አላየሁትም። ሳሎኔን የምቀባው ግን ከእነዚህ ባንዱ ነው።

ነገሩ እኛ ቤት የገባው፣ ቤተል አካባቢ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ስቱኮ ተቀብቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ ቀለም ብቻ ሲቀረው ነው። ባለቤቴ ሦስት ናሙና መረጠችና ቀቢው ግድግዳው ላይ ጎን ለጎን እንዲቀባቸው አደረገች።

«መሀለኛው ቢጫ ይበዛዋል» አለች።

«መሀለኛው የቱ ነው?» አልኩ።

አየችኝ። ከዚያ «እዚህ ጋ ይጀምራል፣ እዚህ ጋ ያበቃል» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። የታየኝ ጣቷ ነው።

ተስፋ ቆርጣ ወደ ቀቢው ዞረች። ቀቢው ወጣት ቢሆንም ብዙ ባልና ሚስት መሀል የቆመ ሰው ጥንቃቄ አለው። «እትዬ፣ ቀለም ሲደርቅ ነው የሚታወቀው» አለ። ሲደርቅ፣ «ሁለተኛ እጅ ሲደገምበት ነው የሚለየው» አለ። ሁለተኛ እጅ ሲደገምበት፣ «ማታ በመብራት እንየው» አለ። ይህን ልጅ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ቢያገኘው ስንት የድንበር ጭቅጭቅ በሰላም ባደረ!

የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በነጭና በቡናማ መሀል ባለው በዚህ ሠፈር ማንም ሊያስተምረን የሚችል ሕዝብ አይደለንም። መርካቶ እህል በረንዳ የምትሸምት ሴት ማኛውን ከነጩ፣ ነጩን ከሰርገኛው ጤፍ የምትለየው ከጆንያው አፍ ገና እፍኝ ሳታነሳ ነው፤ ነጋዴው ቢቀላቅልባት ደግሞ ስንት እጅ እንደቀላቀለ ትነግረዋለች። ከብት የጠፋበት ገበሬ ዳለቻ ነች፣ ቡላ ነች፣ ገብስማ ነች ብሎ ይናገራል እንጂ «ቡናማ መሳይ» ብሎ አፋላጊ አያንከራትትም። የሰው መልክ ሲሆንማ አይነሳ። የሙሽራ ፎቶ የመጣ ቀን በጠይምና በቀይ ዳማ መሀል አክስቶቼ የሚያገኙትን ልዩነት የትኛውም የቀለም ፋብሪካ ጥራዝ አይበቃውም። ይህ ሁሉ ዓይን ግድግዳ ፊት ሲቆም ወዴት ይሄዳል?

ጤፍ በመዳፍ ላይ ነው የሚታየው፤ ባለበት ይቆያል። ግድግዳ አይቆይም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ባንድ ወገን አትውልብንም። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትሯ ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ናት፤ የቀረውን ጊዜ በስተደቡብ። የእኛ ሳሎን መስኮት በደቡብ በኩል ነው። በጥር ፀሐይዋ ዘልቃ ትገባና ቀዩ ምንጣፍ ላይ አርፋ ግድግዳውን ቀላ ታደርገዋለች። በሐምሌ ፀሐይዋ በጓሮ በኩል ናት፤ እሷም ከደመና ከተረፈች። ያን ጊዜ በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ ያው ግድግዳም አመድማ ይሆናል። አረንጓዴ መጋረጃ ከሰቀልክበት ደግሞ ሮዝ ነገር ያሳይሃል፤ ዓይን ከደማቅ ቀለም ጎን ያለ ፈዛዛ ቀለም ሲያይ ወደ ተቃራኒው እየገፋ ነውና። ክሬም የራሱ የሆነ ነገሩ ጥቂት ስለሆነ ከጎረቤት ይበደራል።

መብራቱም አለ። ድሮ በየቤቱ የነበረው ባለ ክር አምፖል ብርሃኑ ቢጫ ነበር። ከሥሩ የተቀመጠ ነጭ ግድግዳ ሁሉ በነጻ ክሬም ይሆናል፤ ኖራ ቀብተህ ትወጣለህ፣ ማታ ክሬም ቤት ትገባለህ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ መብራት ኃይል አሮጌውን አምፖል እየተቀበለ ኃይል ቆጣቢውን ሲያድል ያ ነጻ ክሬም አበቃ። በኋላ ኤልኢዲ መጣ። ዛሬ አየር ጤና ካሉት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች በአንዱ «አምፖል ስጠኝ» ብትል «ነጩን ነው ቢጫውን?» ተብለህ ትጠየቃለህ፤ ነጩን የወሰደ ሰው ቀለም የተመረጠበትን ሳሎን ሁለተኛ መምረጡ ነው። ምናልባት የዛሬው የክሬም ፍላጎት ገሚሱ የዚያ የጠፋው አምፖል ናፍቆት ይሆናል። ይህን ለባለቤቴ ብነግራት «ወደ ምርጫው እንመለስ» አለችኝ።

እዚህ ላይ የሚያጽናና ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2002 መጀመሪያ ካርል ግሌዝብሩክና ኢቫን ቦልድሪ የተባሉ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ከ200 ሺህ በላይ ጋላክሲዎች ብርሃን ሰብስበው፣ ደምረው፣ አካፍለው፣ የጽንፈ ዓለሙ አማካይ ቀለም ውሃ አረንጓዴ ነው ብለው አስታወቁ። ዓለም ተደነቀ። ጥቂት ቆይተው ይቅርታ ጠየቁ፤ ስሌቱን የሠራው ፕሮግራም «ነጭ» ብሎ የያዘው መነሻ ልክ አልነበረም። ሲታረም ምን ወጣ? ክሬም። ሰማይና ምድር፣ ኮከቡ ሁሉ፣ ተጨፍልቆ ክሬም። ስም አውጡለት ተብሎ ሕዝብ ሲጋበዝ ፒተር ድረም የተባለ ሰው፣ ወተት የበዛበት ቡናውን እየጠጣ ቀለሙን ጋዜጣ ላይ ከስኒው ጋር አመሳክሮ፣ ያቀረበው «ኮስሚክ ላቴ» የሚለው ስም ጸና። እኔ ከዚህ ታሪክ የያዝኩት ስሙን አይደለም። ጋላክሲ የመዘኑ ሰዎች የተሳሳቱት በክሬሙ ሳይሆን በነጩ ነው። እኛም ቤት የኋላ ኋላ ጭቅጭቁን የፈጠረው ኮርኒሱ ሆኖ ተገኘ፤ ሦስቱም ናሙናዎች የሚታዩት ከእሱ አንጻር ነበር፣ እሱ ደግሞ ነጭ መሆኑ ካበቃ ቆይቷል።

እስካሁን «የትኛው ክሬም?» ስንል ከረምን እንጂ «ለምን ክሬም?» ያለ ሰው የለም። እኔም ሳልል ነበር። ስቆጥር ግን፣ ሚኪሊላንድ ኮንዶሚኒየም ያለችው እህቴ ሳሎን ክሬም ነው። ዓለም ባንክ ያሉት አጎቴ ቤት ክሬም ነው። አጠና ተራ ያለው የጥርስ ሐኪም ክፍል ክሬም፣ ልጆቼ የሚማሩበት ክፍል ከወገብ በላይ ክሬም። ይህን ያህል ሰው ሳይማከር ባንድ ነገር ከተስማማ መነሻ አለው ብዬ መጠየቅ ጀመርኩ።

ቀቢውን ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ቆሻሻ አያሳይም» አለ። የሠፈራችንን ደላላ ጠየቅኩት፤ እሱ ቤት የሚያየው በተከራይ ዓይን ነው። «ክሬም የወደደው ሰው አላየሁም፤ የጠላው ሰውም አላየሁም። ቤት የሚከራየው ባልተጠላ ነው» አለ። ይህ አባባል ከእሱ አፍ በመውጣቱ አዘንኩ፤ ጻፊው እኔ ነኝና። ባለቤቴ «ክፍል ያሰፋል» አለች። እናቴ ከሶፋው ጥግ ሆና ቡናዋን ስትጠብቅ ስለነበር ማንም አልጠየቃትም።

«ይሄማ የድሮው ቤታችን ምርጊት ነው» አለች፤ በአገጯ መሀለኛውን እያመለከተች። እሷ መሀለኛውን ያለ ጣት ለይታዋለች።

ያ ቤት የቆመባትን ኮልፌን የውጭ ሰው የሚያውቃት በኔልሰን ማንዴላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 እዚህ ከነበረው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ጦር ሠፈር ወታደራዊ ትምህርት ቀስመዋል፤ ሲጠቀስም ደስ ይለናል። ቤት ለሠራ የአዲስ አበባ ሰው ግን ኮልፌ ማለት አጠና ተራ ነው። የባሕር ዛፍ አጠና በየውፍረቱ ተደርድሮ የሚሸጥበት፣ የከተማዋ ግድግዳ አጥንት የወጣበት ገበያ። ባሕር ዛፉ ራሱ የመጣው አዲስ አበባ እንጨት ጨርሳ ልትፈታ በነበረችበት ጊዜ ነው። አጤ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን በስተምዕራብ ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው እዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የገባው ይህ ቶሎ አዳጊ ዛፍ ተስፋፍቶ ከተማዋን ባለችበት አቆያት፤ የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ቋሚውም ማገሩም ባሕር ዛፍ፣ ሥጋው ጭቃ ሆኖ ተሠራ። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ጊዜ እንኳ የከተማዋ አብዛኛው ቤት ግድግዳ እንጨትና ጭቃ ነበር። እኛ ከብሎኬቱ ቤት ኋላ ያለውን ክፍል ዛሬም «አሮጌው» እንለዋለን፤ እናቴ ደግሞ «ቤቱ» ትለዋለች።

ጭቃው እንዲሁ አፈርና ውሃ አይደለም። አፈሩ ተቆፍሮ፣ ውሃ ጠጥቶ፣ የጤፍ ጭድ ገብቶበት በእግር ይረገጣል። ከዚያ ለቀናት እንዲቦካ ይተዋል፤ ሠፈሩ ከሽታው ቤት እንደሚሠራ ያውቃል። የቦካ ጭቃ እንጨት ላይ ይጣበቃል። ጭዱ የሚያስፈልገው ጭቃ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ነው፤ ብቻውን ቢሆን በትልልቁ ይሰነጠቃል፣ ጭድ ሲኖርበት ግን ስንጥቁ ተከፋፍሎ ከዓይን ያንሳል። የመጀመሪያው ምርጊት ሻካራ ነው፤ ከላዩ ላይ እበትና አመድ የገባበት ቀጭን ልስን ይከተላል። ይህ ሁሉ ሲደርቅ የሚያወጣው መልክ ቢጫ ያለበት፣ ግራጫ ያለበት፣ ትንሽ ቀይ የሸተተው፣ የጭዱ ቁርጥራጭ በፀሐይ የሚያብለጨልጭበት መልክ ነው። እናቴ ልክ ናት። መሀለኛው እሱ ነው፤ የጎደለው ጭዱ ብቻ ነው።

ያን መልክ ግን ማንም ወዶት አልኖረም። የጭቃ ግድግዳ ያለው ሰው የመጀመሪያ ምኞቱ ጭቃነቱን መሸፈን ነበር። አቅም ያለው ኖራ ገዛ። እንቁጣጣሽና ፋሲካ ሲቃረብ ኖራ በባልዲ ይበጠበጣል፣ የተቀባው ግድግዳ ሲነኩት ልብስ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ የበዓል ልብስ ለብሶ ግድግዳ መደገፍ ወንጀል ነበር። ነጭ ግድግዳ የመሻሻል ምልክት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የእንጨቱ ጭስ፣ የላምባው ምድጃ፣ የቡናው ዕጣን ይደርሱበትና ነጩ ቀስ እያለ... አዎ፣ ክሬም ይሆናል።

ኖራ ያልቻለ ጋዜጣ ለጠፈ። ይህ በተለይ ከሐምሌ 1967 ወዲህ፣ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ከወረሰ በኋላ፣ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ሁነኛ መላ ነበር። ቤቱ የእኔ ነው ብሎ የሚያድሰው ባለቤት የለም፤ ተከራዩም የመንግሥት ግድግዳ ላይ ገንዘቡን አያፈስም። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ «አዲስ ዘመን» ግን ብርድም ይከላከላል፣ ትኋንም ያሳያል፣ እንግዳም ያስነብባል። ብዙ የኮልፌ ልጅ ፊደል ያጠናው ተኝቶ ግድግዳ እያነበበ ነው፤ ዜናው ግን አልጋው ጋ ሲደርስ ይቋረጥ ነበር። የጋዜጣ ወረቀት የሚሠራው ከተፈጨ እንጨት ነው፤ በእንጨቱ ውስጥ ያለው ሊግኒን ከብርሃንና ከአየር ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ይለውጣል። ወደ ምን? ነጩ ወረቀት ሁለት ክረምት ሳይሞላው ወደ ምርጊቱ መልክ ተመለሰ። ኮርኒስ ሆኖ የተወጠረው አቡጀዲማ ሲጀመርም ነጭ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ዘይት ቀለም ነው። እስከ ወገብ ደማቅ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ፣ ከወገብ በላይ ፈዘዝ ያለ። ትምህርት ቤቱ፣ ክሊኒኩ፣ ቀበሌው እንዲህ ነበር። ከወገብ በታች ያለው እንዲታጠብ ነው፤ የልጅ እጅ፣ የወረፋ ጀርባ፣ የአግዳሚ ወንበር ራስ የሚደርሰው እዚያ ድረስ ነውና። በቴክኒክ ረገድ ይህን የመሰለ ብልህ ግድግዳ ከዚያ በኋላ አላየሁም፤ በመልክ ረገድ ግን የክትባት ትዝታ አለበትና ሳሎን ውስጥ አልፈልገውም። አንድ ችግርም ነበረበት። ደማቅ የዘይት ቀለሞች ለድምቀታቸውና ቶሎ እንዲደርቁ እርሳስ የሚባለው ብረት ይገባባቸው ነበር፤ ለሕፃናት አንጎል መርዝ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ በሚሊዮን ከ90 እጅ እንዳይበልጥ ወስናለች። ክሬም በዚህ ረገድ ጨዋ ነው፤ ቢጫነቱን የሚያገኘው ከእርሳስ ሳይሆን ከብረት ዝገት ነው።

ዝገት ማለቴ ለማሳነስ አይደለም። ሱቅ ውስጥ ያለው ማሽን ሲሠራ ቆሜ አይቻለሁ። ከሥሩ ነጭ ቀለም የያዘ ጋሎን ይቀመጣል። ነጩ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ ማብቂያ ላይ ኖርዌይና አሜሪካ በፋብሪካ ማምረት እስኪጀምሩ ድረስ እንዲህ ያለ የሚሸፍንና መርዝ የሌለው ነጭ ዓለም አልነበረውም። ባለሱቁ ቁጥር ይጽፋል፤ ማሽኑ ቢጫ ኦክሳይድ ያፈሳል፣ ቀይ ኦክሳይድ ትንሽ፣ ጥቁር ጠብታ። ከዚያ ጋሎኑ ይናጣል። ቢጫው ውሃ የያዘ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ አፈርን ቢጫ የሚያደርገው እሱው። እሳት ቢነካው ውሃውን አጥቶ ይቀላል፤ ቀይ አፈርን ቀይ የሚያደርገውም የእሱ ዘመድ ነው። ጥቁሩ ጥላሸት ነው። ዛሬ ፋብሪካ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ነገሩ ግን ያው የመሬቱ ነው።

በዚህ ሥራ የመጀመሪያዎቹ ሰዎች እኛ አይደለንም፤ ግን ሩቅም አይደሉም። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ፤ ቴያር ደ ሻርዳንና አንሪ ደ ሞንፍሬ እ.ኤ.አ. በ1929 ያገኙት። ከዚያ ዋሻ 40 ኪሎ ግራም የሚመዝን ከ4,200 በላይ የቀለም አፈር ቁራጭ ወጥቷል፤ ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ። ከነወፍጮ ድንጋዩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ጥናታቸውን ያወጡ ተመራማሪዎች እንደሚሉት የዋሻው ሰዎች ለየሥራው ልምነቱም መልኩም የተለያየ ዱቄት ያዘጋጁ ነበር፤ ይህንንም ቢያንስ ለ4,500 ዓመት ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ ሠርተዋል። ግማሽ ገጹ ቀለም የጠጣ ጠጠርም ተገኝቷል፤ ማኅተም ይሁን መቀቢያ። እኔ የማስበው እዚያ ዋሻ አፍ ላይ ቆማ «ይሄኛው ቢጫ ይበዛዋል» ያለችውን ሴትና የምትለው ያልታየውን ባሏን ነው። ከእነሱ ጋር ስነጻጸር እኛ አልዘገየንም።

ሁለት ትውልድ ሙሉ ከጭቃው መልክ ስንሸሽ ኖርን፤ ኖራ፣ ጋዜጣ፣ ዘይት ቀለም። አሁን በብሎኬት ላይ ሲሚንቶ፣ በሲሚንቶ ላይ ስቱኮ፣ በስቱኮ ላይ ነጭ ካለበስን በኋላ፣ ከፍለን፣ ማሽን አስነስተን፣ ነጩ ላይ አፈርና ጥላሸት እናስጨምራለን። እናቴ ይህን ስነግራት አልሳቀችም። የጋሎኑ ክዳን ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት፤ ቢጫው አፈር ውስጥ ያለው ነው፣ ቀዩም እንደዚያው፣ ጥቁሩ ጥላሸት ነው አልኳት።

«ጭዱስ?» አለች።

በጭዱና በእበቱ ፈንታ አሁን ፕላስቲክ ነው የሚያያይዘው አልኳት፤ ከነዳጅ የሚወጣ፣ ውሃው ሲተን ቀለሙን ከግድግዳው ጋር የሚያጣብቅ።

«እበቱን የሰጠችን ላም ወተትም ትሰጠን ነበር» አለችና ስኒዋን አቀበለችኝ።

የደላላው ንግግር ግን አልለቀቀኝም። ሰው ክሬም የሚመርጠው ስለወደደው አይደለም፤ ግድግዳው ወደዚያ እንደሚሄድ ስለሚያውቅ ነው። ነጭ የቀባ ሰው ከአቧራው፣ ከዕጣኑ፣ ከልጁ እጅ ጋር ጦርነት ከፍቷል፤ ውጤቱም የታወቀ ነው። ክሬም የቀባ ሰው ቀድሞ ተስማምቷል። ቀቢው «ቆሻሻ አያሳይም» ሲል ያለው ይህንኑ ይመስለኛል፤ ቆሻሻው አልጠፋም፣ መልኩን ቀድመነው ቀባነው እንጂ። ከጦር ኃይሎች እስከ ካራ ቆሬ በበጋ የሚነሳውን አቧራ ያየ ሰው ይህን ውል ስንፍና አይለውም። እኔ ስንፍናም አለበት ባይ ነኝ፤ ቢሆንም እፈርማለሁ።

ውጪው ደግሞ የእኛ ጉዳይ መሆኑ እየቀረ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማቱ በዋና መንገድ ዳር ያሉ ሕንጻዎች ግራጫ እየለበሱ ነው፤ ቢጫው ሱቅ፣ ሮዙ ሆቴል፣ ሰማያዊው መድኃኒት ቤት ሁሉም ባንድ ወጡ። የቀለም ጭቅጭቅ ለሰለቸው ሰው እፎይታ ነው፤ ሌላው ይመርጥልሃል። ለእኔ ግን ከሩቅ «ሮዙ ሆቴል ጋ ውረድ» ማለት የማይቻልባት ከተማ ትንሽ ትከብዳለች። ቀቢያችን በዚህ ሥራ ተጠምዶ ስለነበር ግራጫው እንዴት እንደሚመረጥ ጠየቅኩት።

«ግራጫማ ቀላል ነው ጋሼ» አለ፤ «ከእናንተ ቀለም ላይ ቢጫውንና ቀዩን መተው ነው።»

ማለት መንገዱና ሳሎኔ የሚለያዩት በጥቂት ጠብታ አፈር ነው።

መሀለኛው ተቀባ። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ሮዝ ይታየኛል ትላለች፤ እኔ መጋረጃው ነው እላለሁ፤ መጋረጃ መምረጥ ተጀምሯል። ኮርኒሱም ነጭ ይቀባ ተባለ፣ ጥራዙ እንደገና ተዘረጋ፣ ነጮቹም ከክሬሞቹ የማያንሱ ሆነው ተገኙ፤ እዚያ ውስጥ አልገባም ብዬ ወጣሁ። ቀቢው ሒሳቡን ተቀብሎ ብሩሹን ሲያጥብ የተረፈውን ቀለም ክዳኑን አጥብቆ መትቶ ደረጃ ሥር አስቀመጠልን።

«ወረቀቱን እንዳትጥሉት» አለ፤ «ቁጥሩ ያስፈልጋል።»

«ግድግዳው ሲቆሽሽ በዚሁ ቁጥር አስመጥተን እናድሰዋለን ማለት ነው?»

«አይገጥምም ጋሼ። ሁለት ዓመት የቆየ ግድግዳ ላይ በዚያው ቁጥር ብትነኩት ንጣቱ ይለያል፤ እድፉ ራሱ ይሻላል።»

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን?»

«ማሽኑ ቁጥር ካልተሰጠው አይሠራም። እሱ የሰጠውን ይዛችሁ ጥሩኝ፤ ከዚያ እኔ ጥላሸት ጠብ አደርግበታለሁ።»